የሠራሁት ቃጭል ለምን አያቃጭልም?

«ጋሼ፣ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ለአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹ የሚጠሩበት ትንሽ ቃጭል በእጄ ሠርቼ ልሰጥ ተስያለሁ። ደወል ከ80 በመቶ መዳብና ከ20 በመቶ ቆርቆሮ እንደሚሠራ አነበብኩ። የመዳብ ሽቦ አቃጥዬ ላስቲኩን አስለቀቅኩት። አሮጌ የጣራ ቆርቆሮ ቆራርጬ ጨመርኩበትና በከሰል አቀለጥኩ። ነጭ ጭስ ወጣ፤ ቆርቆሮው ግን አልሟሟም። የቀለጠውን በጭቃ ፎርማ ውስጥ አፈሰስኩት። ሲቀዘቅዝ ስመታው “ዷ” ብሎ ዝም ይላል። የዚያን ዕለት ሌሊት ደግሞ አንቀጥቅጦ አተኮሰኝ። አንድ የሰፈር ሰው “ብር ካልጨመርክበት አይጮህም” አለኝ። የእናቴ የብር ቀለበት አለ። እሱን ልጨምር? ወይስ ወፈር አድርጌ ልድገመው?»

ቀለበቱን ለእናትህ መልስ። ብር ደወል አያስጮህም። ይህ ወሬ የሰፈርህ ሰው የፈጠረው አይደለም፣ በብዙ አገር የሚወራ ነው። ብር ግን ለስላሳ ነው። ጥቂት ብትጨምር ለውጥ አይሰማህም፣ ብዙ ብትጨምር ድምፁን ታደነዝዘዋለህ። በጣና ገዳማት ደጃፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ በገመድ ተሰቅሎ ይደወላል። በድንጋይ ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል። እዚያ ውስጥ ብርም መዳብም የለም። ድንጋዩ የሚጮኸው ጠጣር ስለሆነ፣ ስንጥቅ ስለሌለውና እንደ ልቡ እንዲንቀጠቀጥ ተደርጎ ስለተሰቀለ ነው። ያንተ ቃጭል ያጣው እነዚህን ነው።

ወደ ቃጭሉ ከመግባቴ በፊት ስለ ትኩሳቱ ልንገርህ። ያንቀጠቀጠህ የሱሉልታ ብርድ አይደለም፣ ዚንክ ነው። የጣራ ቆርቆሮ ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተለበጠ ስስ ብረት ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል። መዳብ የሚቀልጠው ደግሞ በ1,085 ዲግሪ ነው። ስለዚህ መዳቡ ገና ሳይቀልጥ ዚንኩ ፈልቶ ያንን ነጭ ጭስ ሆነ፣ አንተም ሳብከው። በያጆች ይህን ሕመም በደንብ ያውቁታል። ጭሱን ከሳቡ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይላል፣ ሰውነት ይቆረጣጥማል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። «ወተት ጠጣ» ይሉሃል። ወተቱ የሚገባው ሆድ ነው፣ ጭሱ የገባው ሳንባ ነው። ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ደረትህን ከያዘህ ግን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ምን እንዳቃጠልክም ሳትደብቅ ንገራቸው።

አሁን ወደ ስህተቱ። ያነበብከው ትክክል ነው። ያሳሳተህ ቋንቋችን ነው። «ቆርቆሮ» የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቤት የምንከድንበት ነው፣ እሱ ብረት ነው። ሌላው ቲን የሚባለው ማዕድን ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ በ232 ዲግሪ የሚቀልጥ። ደወል የሚፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው። ብረት ለመቅለጥ ወደ 1,500 ዲግሪ ስለሚፈልግ በከሰልህ እሳት ጨርሶ አይሞከርም። ለዚህ ነው የጣራው ቁራጭ እንዳለ የቀረው። ጉዳቱ ደግሞ ይህ ብቻ አይደለም። ከዚንኩ የተረፈው መዳቡ ውስጥ ገብቷል፣ የብረት ቅርፊትም ተቀላቅሏል። የያዝከው ለስላሳና ቆሻሻ ያለበት ነገር ነው። ለስላሳ ነገር ሲመታ ምቱን ይውጠዋል።

«ነሐስ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ያሳስታል። መዳብና ቲንም ነሐስ ይባላል፣ መዳብና ዚንክም ነሐስ ይባላል። የውሃ ቧንቧ መክፈቻና የበር እጀታ አብዛኛው የዚንኩ ዓይነት ነው። ቧንቧው ላይ ደግሞ ለመሞረድና ለመብሳት እንዲቀል ትንሽ እርሳስ ይገባበታል። እርሳስ የድምፅ ጠላት ነው፣ ለጤናም መርዝ ነው። የመኪና ቦኮላም (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት። «ነሐስ ነው» ተብለህ ስትገዛ የትኛው እንደሆነ ጠይቅ። መልስ ካላገኘህ አትግዛ።

ቲን ከየት ይገኛል? ለሬዲዮና ለስልክ ጥገና ከሚሸጠው ስታኞ ነው። ግን የድሮው ዓይነት ስታኞ እርሳስ አለበት፣ እሱን አትንካ። እርሳስ የሌለው ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ከ95 በመቶ በላይ ቲን ነው፤ የቀረው ጥቂት መዳብ፣ አንዳንዱ ላይም ጥቂት ብር ነው። ለአንድ ትንሽ ቃጭል አንድ ጥቅል ይበቃል። መዳቡን ደግሞ ከወፍራም የመብራት ሽቦ አውጣ። ነገር ግን ላስቲኩን አታቃጥል። ጭሱ ከዚንኩ የባሰ ነው፣ ለጎረቤት ልጆችም ይተርፋል። በቢላ ቁመቱን ሰንጥቀህ ላጠው። ለ300 ግራም ሽቦ ቢበዛ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ከምናለሽ ተራም ሆነ ከቁራሌው ስትገዛ የጥይት ቀለህ ሊያጋጥምህ ይችላል። የነሐስ ቀለህ ብዙውን ጊዜ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። ብዙ ባለ እጅ መስቀልና ጌጥ ይሠራበታል። ላንተ ግን ይቅርብህ። አንድ ያልተተኮሰ መሀሉ ቢገኝ እሳት ላይ ይፈነዳል። ለደወልም ዓይነቱ አይደለም።

ወደ ውፍረቱ ልመለስ። «ወፈር ባደርገው ይጮሃል» የሚለው ግምት የተገላቢጦሽ ነው። መጠኑ ሳይለወጥ ብታወፍረው ድምፁ ይቀጥናል፣ ለማንቀጥቀጥም ከባድ ምት ይፈልጋል። አፉን ሰፋ ብታደርገው ይወፍራል። አፉ 6 ሴንቲ ለሆነ ቃጭል ግድግዳው 3 ሚሊ ይበቃል። ጠርዙ ላይ፣ ምላሱ የሚመታበት ቦታ፣ 4 ሚሊ ቢሆን ጥሩ ነው። ወደ አናቱ እየሳሳ ይሂድ።

ቤትህ ያለውን የቡና ሲኒ ውሰድ። ከታች እግሩን በሁለት ጣት ያዝና ጠርዙን በማንኪያ ነካ አድርገው፤ ይጮሃል። አሁን ጠርዙን በጣትህ ያዝና ድገመው። ሞተ አይደል? ደወልም እንዲሁ ነው። አብዝቶ የሚንቀጠቀጠው ጠርዙ ነው፣ አናቱ ጸጥ ያለ ነው። ብሎን፣ ቀዳዳና ማንጠልጠያ አናቱ ላይ ቢሆኑ ችግር የለም። ጠርዙ ላይ ግን የቀረ የጭቃ ቅርፊት እንኳ ድምፁን ይይዘዋል። ገበያ ላይ እናቶች ጀበና ሲገዙ በጣታቸው አጥንት ኳ ኳ አድርገው የሚያዳምጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ስንጥቅ በዓይን ሳይታይ በጆሮ ይሰማል። ያንተን ቃጭል በሲጌቶ (በብረት መጋዝ) ለሁለት ብትከፍለው ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ሆኖ ታገኘዋለህ ብዬ እገምታለሁ። የቀለጠ መዳብ ከእርጥበት ጋዝ ይጠጣል፣ ሲረጋ ይተፋዋል። ቀዳዳው የሚመጣው ከዚያ ነው።

እሳቱም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በውጭ አገር መጽሐፍ «ይህን ያህል ንፋስ ስጥ» ቢልህ አንተ ከዚያ ሲሶ ያህል ጨምር። በዝቅተኛ ቦታ የሚሠራ ወናፍ እዚህ ከሰሉን ያቀላዋል እንጂ መዳቡን አያንበረክከውም። ሰዎች ታዲያ ከሰል ይጨምራሉ። የጎደለው ከሰል አይደለም፣ አየር ነው። ጭሱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየ መዳብ ደግሞ ያንን ጋዝ ሲጠጣ ይቆያል።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው ሳታቀልጥ መሥራት ነው። 1 ሚሊ የሆነ ጥቁር ላሜራ ግዛ። ጥቁር ያልኩህ ዚንክ ያልተለበጠውን ነው። 22 ሴንቲ በ9 ሴንቲ ቁረጥ፤ መሀሉ ጠበብ፣ ሁለቱ ጫፍ ሰፋ ይበል። አግለህ መሀሉ ላይ እጠፈው፤ ሁለቱ ጫፎች የቃጭሉ አፍ ይሆናሉ። ጎኖቹን 8 ሚሊ ያህል አንዱን በሌላው ላይ ደርብና በየጎኑ ሁለት ሁለት ሪቬት ምታበት። አናቱን በትራፓኖ ቀድደህ ወፍራም ሽቦ አሳልፍ። ውጭ ያለው ማንጠልጠያ፣ ውስጥ ያለው የምላስ መስቀያ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብታቆም ድምፁ የጣሳ ነው፣ ምክንያቱም የተደራረበው ብረት እርስ በርሱ እየተፋተገ ንዝረቱን ይበላዋል። ስፌቱ በነሐስ መሞላት አለበት። ድሮም በብዙ አገር የከብት ቃጭል የሚሠሩ ሰዎች ብረቱ ላይ የመዳብ ወይም የነሐስ ቁርጥራጭ ያደርጉና ሁሉንም በጭድ ጭቃ ይጠቀልሉታል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ውስጥ ይከቱታል። ቁርጥራጩ ጭቃው ውስጥ ቀልጦ ስፌቱን ይሞላዋል፣ ብረቱንም ያለብሰዋል። የፖርቱጋሎቹ የአልካሶቫስ ቃጭል ሠሪዎች እስከ ዛሬ እንዲህ ይሠራሉ። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ለመጀመሪያ ጊዜህ ግን ጭቃውን ተወውና ኦክስጅን ያለው በያጅ ጋ ሄደህ «ስፌቱን በነሐስ ዘንግ ሙላልኝ» በለው። የደቂቃዎች ሥራ ነው። ድምፁ የበግ ወይም የበቅሎ ቃጭል ይሆናል፤ ደረቅ ግን ሩቅ የሚሰማ።

ሁለተኛው የሰም መንገድ ነው። ሰምና ወርቅ ስንል ቅኔ ብቻ ይታወሰናል። ቃሉ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። ቅርጹን በሰም ትሠራዋለህ፣ በጭቃ ትሸፍነዋለህ፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ በቦታው ይገባል። ለቃጭልም ከዚህ የተሻለ የለም፤ የፈለግኸውን ስሳት ታገኛለህ።

ሰሙን ጠጅ ከሚጥሉ ሴቶች ሰፈፍ ገዝተህ ማግኘት ትችላለህ። አቅልጠህ በጨርቅ አጥልለው። መጀመሪያ ውስጡን ከጥሩ ሸክላ አፈር፣ ከደቃቅ አሸዋና ከደቀቀ ጭድ ሥራ። ይህ የቃጭሉ ባዶ ሆድ ነው። ሲደርቅ 3 ሚሊ የሆነ የሰም ቂጣ አልብሰው። ጠርዙን አወፍር፣ ማንጠልጠያውንም እዚያው በሰም ሥራ። ከዚያ አራት ቀጭን ምስማር ሰሙን አሳልፈህ ውስጡ ጭቃ ላይ ትከል፤ ግማሻቸው ውጭ ይቅር። ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ የውስጡን ጭቃ አንሳፍፈው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ብዙ ጀማሪ ይህን ይረሳል። ጭቃው ወደ አንድ ጎን ያዘነብልና ቃጭሉ በአንድ በኩል ወረቀት፣ በሌላው በኩል ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። በመጨረሻ የማፍሰሻ ጉሮሮና ሁለት መተንፈሻ በሰም ጨምር።

ጭቃ ከማልበስህ በፊት ሰሙን መዝን። የምስማሩንና የውስጡን ጭቃ ክብደት መቀነስህን አትርሳ። የሰሙን ክብደት በ10 አባዛው፤ የሚያስፈልግህ ነሐስ ያ ነው፣ ትንሽም ይተርፋል። 40 ግራም ሰም ከሆነ 400 ግራም ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 320 መዳብ፣ 80 ቲን። ቲኑ የሚጨመረው መዳቡ ሙሉ በሙሉ ከቀለጠ በኋላ ነው። ከ20 በመቶ ብዙ አትለፍ፤ ሲበዛ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። በ20ም ቢሆን የቀዘቀዘውን በመዶሻ ለማስተካከል አትሞክር።

የመጀመሪያውን የጭቃ ልብስ እንደ አጥሚት አቅጥነህ በብሩሽ ቀባው። ቀጥሎ ያሉትን አወፍር። በጥላ ይድረቅ፣ ፀሐይ ላይ ይሰነጠቃል። በበጋ አንድ ሳምንት ይበቃዋል። በክረምት እኔ ሦስት ሳምንት እጠብቃለሁ። ይህን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። አንድ ጊዜ ሐምሌ ላይ ቸኩዬ የአራት ቀን ፎርማ ላይ አፈሰስኩ። ላዩ ሲነካ ደረቅ ነበር። ነሐሱ ገና ከግማሽ ሳይደርስ ጉሮሮው ውስጥ «ጉር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው የቀለጠው ወደ ላይ ተተፋ፣ ቀኝ ክንዴ ላይ እስከ ዛሬ ምልክቱ አለ። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ጊዜ በላይ ያብጣል። በጭቃው ልብ ውስጥ የቀረች አንዲት ማንኪያ እርጥበት ለዚህ ትበቃለች። ስለዚህ ሰሙ ከወጣ በኋላ ፎርማው ራሱ ቀልቶ እስኪታይ ይተኮሳል፤ ነሐሱም የሚፈሰው ፎርማው ገና ትኩስ እያለ ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ አይፈሰስም፤ የፈሰሰበት ሲሚንቶ ይፈነዳል። ደረቅ አሸዋ ላይ ይሁን። የቆዳ ጫማና የጥጥ ልብስ ልበስ። ናይለን ቆዳ ላይ ይቀልጣል።

አሁን ምክሬን ስማ። ማቅለጡን በዚህ ስእለት አትጀምረው። ሰሙን አንተ ሥራ፣ ጭቃውንም አንተ አልብስ፣ አድርቅ። ማቅለጡንና ማፍሰሱን ግን መስቀል ወይም የነሐስ ዕቃ የሚያፈስ ባለሙያ ጋ ወስደህ አሠራ። መዳብህንና ቲንህን መዝነህ ይዘህ ሂድ፤ በእሱ ቁርጥራጭ ነሐስ እንዳይተካው ቆመህ እይ። «በእጄ ካላፈሰስኩት ስእለቱ አልሞላም» ትለኝ ይሆናል። የቃጭሉ ቅርጽ፣ ውፍረቱና ድምፁ ሰሙ ላይ ይወሰናል፣ ሰሙን ያበጀው ደግሞ ያንተ እጅ ነው። ማፍሰሱ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ግን ያች ደቂቃ ከማታውቀው እሳት ጋር ናት። ባለሙያው ፈቃደኛ ከሆነ አጠገቡ ሆነህ ጉጠት አቀብል። ሁለት ሦስት ጊዜ ካየህ በኋላ ራስህ ትይዘዋለህ። እስከዚያ እጅህን ለማፍታታት የላሜራውን ሥራ፤ ቢበላሽ የሚከስረው አንድ ቁራጭ ብረት ነው። ያንን «ዷ» የሚለውን ቃጭል ደግሞ መልሰህ አታቅልጠው። ውስጡ ዚንክ አለ፣ ያው ጭስ ይመለስብሃል።

ፎርማው ሲሰበር ጭቃውን ከውስጥ በደንብ ጠራርገህ አውጣ። ጉሮሮውን በሲጌቶ ቁረጥ፣ ጠርዙን በሞረድ አስተካክል። ሞርሳ ውስጥ ስታስረው ጨርቅ ወይም እንጨት ከልለው እንጂ በባዶው አታጥብቀው፣ ይሰነጠቃል። ምላሱ ከቃጭሉ ለስለስ ያለ ብረት ይሁን። የተራ ብሎን ራስ ጥሩ ነው፣ የመኪና ኩሽኔታ ኳስ ግን ጠንካራ ስለሆነ ነሐሱን ይፈነክተዋል። ምላሱ በቆዳ ጠፍር ይንጠልጠል፤ ወፍራሙን ጠርዝ መትቶ ወዲያው ይመለስ። መትቶ እዚያው የሚደገፍ ከሆነ ሲኒውን በጣት እንደመያዝ ነው፣ ጠፍሩን አሳጥረው።

ምላሱን ከመስቀልህ በፊት ግን ቃጭሉን በክር አንጠልጥለህ ጠርዙን በእንጨት ማንኪያ ምታው። ድምፁ ላንተ ከቀጠነብህ የጠርዙን ውስጠኛ ፊት በትንሹ ሞርደህ አሳሳው፣ ወፈር ይላል። ከወፈረብህ የአፉን ዙሪያ ከታች ሞርደህ ቁመቱን አሳጥር፣ ይቀጥናል። የተሞረደ ነሐስ ስለማይመለስ አምስት ስድስት ጊዜ ሞረዱን ካስኬድክ በኋላ ቆም በልና እንደገና መትተህ አዳምጥ።